በጎረቤት ስም የተጠየቀ መድኃኒት

ወንድ ሲረሳ ሥራ በዝቶበት ነው፤ ሴት ስትረሳ ግን ጃጅታ ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ላይ ሲሠራ ግን አይቻለሁ።

መጃጀቴን የሰማሁት ከሰው ነው። ሚዛን ከተማ ገበያ ኮረሪማ ስሸጥ ደንበኞቼ በድንገት «እማማ ዘሀራ፣ ቅድም ሰጥተውኛል እኮ!» ይሉኝ ጀመር፤ ጮክ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገረው። ልጄ ጀማልም «ትንሽ አረፍ በይ ብዬ ነው» ብሎ የሱቄን ቁልፍ ወሰደብኝ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደግኩት በዚያች ሱቅ ነው። መቼም ሰው እየደጋገመ ሲነግራችሁ ታምናላችሁ፤ እኔም ጨው የት እንዳኖርኩ በጠፋኝ ቁጥር «አበቃልኝ» እያልኩ ማልቀስ ያዝኩ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ መጣች።

«ዘሀራ፣ ያስጃጀሁሽ እኔ ነኝ።»

ለካስ የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ለሚያነድዳት ሙቀት የሆርሞን ኪኒን ትውጣለች። ዕድሜ ከገፋ በኋላ ሲጀመር የመርሳት በሽታ ሊያመጣ ይችላል ሲባል ከሬዲዮ ሰምታ ደነገጠች። ልትጠይቅ አማን ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ሠልፈኛው ሲያያት ግን አፍራ «ለእኔ አይደለም፤ ለጎረቤቴ ለዘሀራ ነው፤ መርሳት ጀምራለች» አለች። ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ሚዛን ገባ።

ልጮህባት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ባለፈው ክረምት፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ በነጠላዋ ስታራግብ «የቴፒ ቆላ መሰለሽ እንዴ? ወይስ በስተርጅና ሙሽርነት አማረሽ?» ብዬ ሰፈሩን ያሳቅሁባት እኔ ነበርኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ ሳቅ በኋላ ምስጢሯን ለማን ትንገር? እኔን ነው ያሳፈረኝ።

በነጋታው አብረን አማን ሄድን። ካርድ የምትሰጠዋ ልጅ «መድኃኒቱን የሚወስዱት የትኛዋ ነዎት?» ስትል አስካለ አቀረቀረች። የእኔ ስም እንደሆነ አንዴ ጠፍቷል ብዬ «እኔ ነኝ» አልኩ። አስካለ ቀና አለች።

«ኧረ እኔ ነኝ!»

ሠልፈኛው ሁሉ ዞረ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም፤ «በራስዎ አያቋርጡት፤ መቼ እንደጀመሩት አይተን አብረን እንወስናለን» አላት።

ማታውን፣ አስካለ አብራኝ እንዳለች፣ ጀማልን «ቁልፌን» አልኩት። ኪሱን ዳበሰ፤ መሳቢያ ከፈተ፤ ፍራሽ ገለበጠ። የት እንዳስቀመጠው ረስቶታል።

«ሥራ በዝቶበት እኮ ነው» አለች ሚስቱ።

አስካለ ሳቋን አፍና አየችኝ። እኔ አልሳቅሁም፤ የእኔ ሳቅ የሚያደርገውን አይቻለሁ።