የትርንጎ በሶና ምቀኞቿ

በአገራችን «በርቺ» የሚባል ቃል ባይኖር ኖሮ ስንቱ ሰው ከኪሳራ በዳነ ነበር። ቃሉ ሲሰሙት ደግ ነው፤ ጆሮ ላይ ማር ነው። ግን እስቲ ልብ በሉ፤ «በርቺ» ያለ ሰው ሸክም ሲያግዝ ታይቶ ያውቃል? እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ደባርቅ ገበያ ገብስ እሸጣለሁ። አንድ ክረምት ጆንያ አዝዬ በዚያ ጭቃ ውስጥ ስንገታገት በአጠገቤ ያለፈው ሁሉ «አይዞሽ፣ በርቺ» አለኝ። ጫፉን የያዘልኝ ግን «ምን ያለሽ ሞኝ ሴት ነሽ፣ ተሸካሚ መቅጠር አቃተሽ?» ብሎ የሰደበኝ ሰውዬ ነው። የቤተ ክህነት ሰዎች አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያሉ ያፍታቱታል። እኔም አቅሜ በፈቀደ ላፍታታው። በርቺ ማለት፣ አንድም ብቻሽን ተሸከሚው ማለት ነው፤ አንድም እኔ መንገደኛ ነኝ ማለት ነው፤ አንድም ስትወድቂ እሰማለሁ ማለት ነው።

ይህን ትርጓሜ ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት ደጁን እንጂ ውስጡን አላውቀውም። ፊደሉን ከወንድሜ ሰረቅሁ፤ ንባቡን ደግሞ ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ለቀምሁ። ስለዚህ የብዙ ነገር መጀመሪያውን አውቃለሁ፤ መጨረሻው ለጎረቤት ጨው ተጠቅልሎበት ሄዷል። ሰው ግን ይህን አያይም። በሰፈሩ «የምታነበዋ ሴት» እባላለሁ። የምታነብ ሴት ደግሞ ሳትወድ ዳኛ ትሆናለች። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁትም እንደዚያው ነው።

ፊደል የሰረቅሁባቸው ወንድሜ ዛሬ ቄስ ናቸው። ታላቄም ናቸውና «ወንድም ጋሼ» እያልሁ አንቱ እላቸዋለሁ። ትርንጎ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ጎንደር ሒሳብ አያያዝ ተምራ ተመርቃ መጣች። ብዙም ሳትቀመጥ ሥራ ወጣላት፤ መካነ ብርሃን፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ። የመካነ ብርሃንን መንገድ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ በጋ ላይ መኪናው ሰውን ይጭናል፤ ክረምት ላይ ሰው መኪናውን ይገፋል። ቢሆንም የመንግሥት እንጀራ ነው። ወንድም ጋሼ ተመስገን ብለው ሳይጨርሱ ልጅቱ አልሄድም አለች። ታዲያ ምን ልትሠራ? በሶ ልትሸጥ። የት? በኢንተርኔት።

እንግዲህ አስቡት። በሶ ማለት መንገደኛ በስልቻ ይዞት የሚወጣ፣ ውኃ ያገኘበት ቦታ ተቀምጦ የሚበጠብጠው የገብስ ዱቄት ነው። ኢንተርኔት ማለት ደግሞ፣ ለደባርቅ ሰው፣ ጉም ሲወርድ አብሮ የሚጠፋ ነገር ነው። ሁለቱን ማን አስተዋወቃቸው? ትርንጎ ግን አስባበታለች። የስሜን ገብስ ሌላ ቦታ አይገኝም አለች። ከተሜው በሶ ይወዳል፣ የሚቆላበት ጊዜ ግን የለውም አለች። በስልኩ ያዛል፤ እሷ አዘጋጅታ በአውቶቡስ ትልካለች።

ወንድም ጋሼ ቤቴ መጡ። መቋሚያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡና «አንቺ ታነቢያለሽ፤ ነጋዴም ነሽ። ይህ ነገር ፍሬ ነው ወይስ ገለባ፣ ለዪልኝ። ፍሬ ነው ካልሽ ልጅቱ ትቅር። ገለባ ከሆነ ሰኞ ሳምንት መኪና ትሳፈር፤ ከዚያ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» አሉኝ። ወንድ ልጅ ከባድ ነገር ሲመጣበት የሴት ምክር እንደሚያምረው ታውቁ የለ? እሺ አልሁ።

ትርንጎ ስልኳን ይዛ መጣች። ለበሶው ገጽ ከፍታለታለች፤ ስሙ «ስሜን ኦርጋኒክ ፉድ» ነው። ኦርጋኒክ ምንድን ነው ብላት መድኃኒት ያልነካው ማለት ነው አለችኝ። በሶ መቼ ታሞ ያውቃል ብዬ ጠየቅኋት። ፎቶውን አሳየችኝ። በሶው በነጭ ሳህን ተቆልሏል፤ ጎኑ ላይ ጽጌረዳ አበባ ተሰክቷል። ሊያገባ ነው ወይ አልኋት። ከረጢቱንም አየሁት፤ ጣት ቢያርፍበት የሚቀደድ ላስቲክ ነው። ይህንንም ነገርኋት። ልጅቱ ፊቷ ጠቆረ፤ «አክስቴ፣ አስተያየቱን ሳታነቢ አትፍረጂ» አለችኝ።

አነበብሁት። «ዋው» ይላል። «በርቺ እህቴ» ይላል። «ኩራታችን ነሽ፣ ጀግና» ይላል። በዓይኔ የማላውቀው አገር ሆኖ አውራ ጣቱን የቀሰረላት አለ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ለጥቂት ጊዜ ልቤ ፈዘዘ። ገብስ ስሸጥ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ያን ያህል ሰው ጆንያዬን ከቦ አያውቅም። ኋላ ግን የነጋዴ ነገር ሆኖብኝ «ስንቱ ገዛ?» አልኋት። ገና ጥናት ላይ ነኝ አለች። አንድ ሐሳብ ያዋጣል አያዋጣም የሚታወቀው ፈላጊ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሰው መጠየቅ አለበት አለችኝ። ነገሩ ልክ ነው። ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው ብላት፣ «ሐሳቤን ወደዳችሁት ወይ ብዬ» አለች።

ወደዳችሁት ወይ። በእኛ አገር ሰው ወደዳችሁት ወይ ተብሎ ተጠይቆ አልወደድሁትም ያለ ከየት ተወልዶ? ሠርግ ቤት ወጡ ጨው ተረስቶበት እንኳ «እጃችሁ ይባረክ» ብለን፣ ጣታችንን ልሰን አይደል የምንነሣው? እቤታችን ስንደርስ የምንለውን እግዜር ይወቀው።

«የተቃወመሽስ የለም?» አልኋት።

«ምቀኞች ነበሩ። ዘጋኋቸው» አለችኝ።

መዝጋት ማለት በስልኩ ሕግ ሰውዬው ሁለተኛ ደጅሽ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። በእኛ ጊዜ ለዚህ ማኩረፍ፣ መንገድ መቀየር፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት አዙሮ መቆም ነበረበት። አሁን በአንድ ጣት ሆኗል። ምን ብለው ተመቀኙሽ አልኋት። አንዱ፣ በሶ በላስቲክ ይታፈናል፣ ጨርቅ ከረጢት ምን አለበት ብሏታል። ሌላው የመላኪያውን ማን ነው የሚከፍለው፣ መንገድ ላይ ቢፈስስ ብሏታል። ሦስተኛዋ የባሰች ናት፤ ጃናሞራ ተወልዳ አዲስ አበባ የምትኖር ሴት። «ይህ በሶ ነው ኖራ? እሳት ያየ ገብስ እንዲህ አይነጣም። አንቺ ነሽ የጃናሞራን ሰው በሶ የምታስተምሪ?» ብላ ጽፋለች።

ይህን ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ልጄ፣ ገዢዎችሽን ከደጅ መልሰሽ መንገደኛውን እልፍኝ አስገብተሽዋል» አልኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው አያመሰግንም፤ ቢያመሰግን ዋጋው ይወጣበታላ። ያጣጥላል እንጂ። አንድ ጊዜ አንድ የዛሪማ ሰው የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ ጆንያዬ ላይ ቆመ። አንዲት ፍሬ አንሥቶ በጥርሱ ሰበራትና ተፋት። ይህን ለበቅሎዬ ብሰጣት ትረግጠኛለች ብሎኝ ሄደ። ዞሮ መጣ። እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ጆንያውን በረበረውና፣ ጠጠር ነው ገብስ የምትሸጪው አለኝ። እኔም አልተኛሁለትም፤ እናንተ ቆላ ወርዳችሁ የገብስን መልክ ረሳችሁት አልሁት። ስንሰዳደብ ቆይተን ያለኝን ሁሉ አስጭኖ ወረደ። ያን ዕለት አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውም መጥቶ ነበር። «እንዴት ያለ ያማረ ገብስ ነው እናቴ፣ በርቺ» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እየበረታሁ ነው።

ስለዚህ ለምቀኞች ሁሉ ምሕረት እንዲታወጅ አዘዝሁ። ትርንጎ እያጉረመረመች የተዘጉትን ከፈተች። ከዚያም ለጃናሞራዋ ሴት «ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ገንቢ አስተያየትዎ» የሚል ነገር መጻፍ ጀመረች። እስቲ ልየው ብዬ ስልኩን ተቀበልኋት። ጣቴን ያሳረፍሁት ድምፅ የሚቀዳው ቦታ ላይ ኖሯል። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ለትርንጎ የማወራ መስሎኝ «ውድ ደንበኛ ብሎ ነገር ምንድን ነው? እንዲህ ዓይነቷን ባለ ምላስ እናቷ በበሶ አይደለም ያሳደገቻት፤ በሚጥሚጣ ነው» አልሁ። ጣቴን ሳነሣ ነገሩ ሄደ። ሌላ ጊዜ አንዲት ፎቶ ለመውሰድ ግማሽ ቀን የሚያስለምነው ኔትወርክ የእኔን ስድብ ለመውሰድ ዓይን እስኪጨፈን አልቆየም። ትርንጎ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

መልሱ በድምፅ መጣ። የጠና፣ የረጋ፣ የአገር ቤት ድምፅ ነው። «ማነሽ አንቺ? አነጋገርሽ የአገሬ ነው፤ ክፋትሽም የአገሬ ነው። የእናቴ በሶ መዓዛው ከረጢቱ ሳይፈታ ጎረቤት ያስጠይቀኝ ነበር። የእናንተ እኮ ፎቶው እንኳ አይሸትም።» እኔ ደግሞ ፎቶ የሚሸተው እናንተ ጋ ነው፣ እኛ ጋ የሚሸተው እህሉ ነው አልኋት። የቆላሽው ገብስ ነጭ ነው ጥቁር አለችኝ። አፍንጫ ካለሽ ምን በዓይን ያስጠይቅሻል አልኋት። ትርንጎ እንባዋ ሊመጣ ደርሷል፤ አክስቴ በቃሽ፣ ስሜን አጠፋሽው ትለኛለች። እኔ ግን የዛሪማውን ሰውዬ ያገኘሁት መስሎኝ ፊቴ በርቷል። ሴትዮዋ በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «በይ ላኪውና ልየው። ካልሆነኝ ለዶሮ ነው የምበትነው፣ እወቂው። ለእህቴም ጨምሪ፤ እሷም ትስደብሽ።»

ቁጭ ብለን፣ አጠንክረን ቆላን፤ ሸክሽከን፣ አስፈጭተን፣ በጨርቅ ከረጢት ሰፍተን ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠን። ከደረሳት በኋላ የላከችው ቃል አጭር ነው። «ሻካራ ነው። ሌላ ላኪ።» ያ ላስቲኩን የነቀፈው ሰውም ከጎንደር አዘዘ፤ ያመሰገነ እንዳይመስልበት ደግሞ የከረጢቱን ስፌት ነቀፈ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንድም ጋሼ ፍርድ ሊሰሙ መጡ። ማግስቱ ሰኞ ነው። እንግዲህ ሰው ሲመክርና ሲፈርድ አንድ አይደለም፤ በዳኝነት ስቀመጥ ልቤ ሸሸ። የልጅቱ ዕድሜ ነው በእጄ ያለው። ነገ ሐሳቡ ቢከሽፍ አባቷ እኔን አይደል የሚያዩኝ? ስለዚህ ማጣጣሉን ተያያዝሁት። የሁለት ሰው ምላስ ቤት አያቆምም አልሁ። ክረምት ገብስ ይወደዳል፣ ጉም ሲወርድ ስልኩ ይሞታል፣ ስሙን ገበሬ አይጠራውም፣ ይህች ልጅ ደግሞ ገብስ መቁላት አትችልም፤ ወይ ታሳርራለች ወይ ጥሬውን ታወጣለች አልሁ። መካነ ብርሃን ትሂድ፤ ደመወዝን ደመና አይጋርደውም ብዬ ደመደምሁ። ንግግሬ ለራሴም አማረኝ።

ትርንጎ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ፣ «አባዬ፣ መካነ ብርሃን ደረሰኝ ስል ዘመዱ ሁሉ ምን አለኝ? በርቺ ነው ያለኝ። መንገዱ ክፉ ነው፣ ቤት አይገኝም ብሎ ያጣጣለልኝ አንድ ሰው የለም። በሶውን ግን አክስቴ ስሙን አጣጣለች፣ ፎቶውን አጣጣለች፣ ከረጢቱን አጣጣለች። አሁን ደግሞ እጄን» አለች። ወንድም ጋሼ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ልጅቱ ወደ እኔ መለስ ብላ፣ ምንም ሳትስቅ፣ «አክስቴ፣ ታዲያ ስንት ኩንታል በሶ ልመዝንልሽ?» አለችኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ለሊማሊሞ ጎረቤት አፋፍ ምን እንደሆነ አይነገረውም። የመለስሁላት ይህን ብቻ ነው። «ገብሱን ከሌላ ነጋዴ ከወሰድሽ ደጄን እንዳትረግጪ። ያም ስም ይቀየራል። የምቆላውም እኔ ነኝ።»

«ገብስሽ ጠጠር ይበዛዋል፤ ዋጋውን ቀንሺ» አለችኝ።

በአባቷ ፊት እንዲህ ስትደፍረኝ ወንድም ጋሼ ይቆጧታል ብዬ ዞር ስል፣ መቋሚያቸውን አንሥተው በሩ ላይ ደርሰዋል። ፍርዱን ሳይሰሙ ወዴት ነው አልኋቸው።

«ዋጋ ጀምራችኋል» አሉኝ፣ «እዚህ ከደረሰማ ዳኛ ምን ይሠራል?»