ባለ ዐሥር ቅርንጫፉ ጎማ

(ደብረ ታቦር፣ ከሰዓት በኋላ። ደረጄ የሚኒባሱን ጎማ ሊቀይር መፍቻ ይዟል። ነገ የሚስቱን እናት፣ እማማ ትርንጎን፣ ጣራ ገዳም ሊያደርስ ነውና ዛሬ ጎማ ገዝቷል። የሚስቱ ወንድም ሙላቴ፣ ከጋፋት የመጣ ገበሬ፣ አጠገቡ ቆሟል። ደረጄ “ሙላቴ ደግ ነው፤ ነገር ግን አይገባውም” ብሎ ከደመደመ ቆይቷል።)

ደረጄ፦ ቅርንጫፍ ስል የዛፍ አይደለም አልኩህ! ሱቁ ዐሥር ከተማ ላይ ቅርንጫፍ አለው።

ሙላቴ፦ ገባኝ። ግንዱ የት ነው?

ደረጄ፦ አዲስ አበባ!

ሙላቴ፦ ጎማው ቢፈነዳ ታዲያ አዲስ አበባ ሄደህ ልትጮህ ነው? ጎማ ሻጯ እቴነሽ እኮ እዚሁ ናት፤ እድርተኛህ።

ደረጄ፦ በዚያች የቆርቆሮ ሱቅ? እኔ የገዛሁበት ሻጩ እንኳ ከረባት አስሯል!

ሙላቴ፦ ከረባቱ ጎማ ይስባል?

ደረጄ፦ ስማኝ! የሁለት ዓመት ዋስትና አለው!

ሙላቴ፦ ዋሱ ማን ነው?

ደረጄ፦ ወረቀቱ ነዋ!

ሙላቴ፦ (ወረቀቱን እያገላበጠ) ዋሱ በነፋስ ቢጠፋ ማን ይያዛል?

ደረጄ፦ ኧረ በጊዮርጊስ! አንተ በሬህን ግዛ፣ ጎማውን ለእኔ ተው።

ሙላቴ፦ በሬ ስገዛማ መጀመሪያ ጥርሱን አያለሁ። (ጎንበስ ብሎ ጎማውን ይዳብሳል) ይኼ 3014 የሚለው ምንድን ነው?

ደረጄ፦ ጎሽ! እንዲህ ጠይቅ። የተሠራበት ጊዜ ነው። ሠላሳኛው ሳምንት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት። ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ነው። አራት ዓመት ምን አላት? ገና ጫጩት ናት!

ሙላቴ፦ የት ነው የተሠራው?

ደረጄ፦ ቻይና።

ሙላቴ፦ ቻይናዎችም እንቁጣጣሽን በመስከረም ነው የሚያከብሩት?

ደረጄ፦ ምን አገናኘው! እነሱ የሚቆጥሩት በፈረንጅ... (መፍቻው ከእጁ ይወድቃል። በጣቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል።)

ሙላቴ፦ በእኛ ስንት መጣ?

ደረጄ፦ (ድምፁ ሰልሎ) ሁለት ሺህ ስድስት።

ሙላቴ፦ የዐሥራ ሁለት ዓመት ጎማ! ለአህያ ጋሪዬ የማልገዛውን ለእናቴ ገዛህላት።

ደረጄ፦ (ጎማውን አንስቶ) አሁኑኑ እመልሰዋለሁ፤ ለነገው ከእቴነሽ እንገዛለን። ግን ወንድም ሙላቴ፣ የምናልፈው በእሷ በር ነው። “ይኼን ማን ገዛው?” ብትል... አደራህን።

ሙላቴ፦ እኔ ነኝ እላታለሁ። ነገር እንደማይገባኝ አንተው ስታወራ ኖረሃል፤ ከተማው ሁሉ ያምናል።

ደረጄ፦ እግዜር ይስጥህ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው!

ሙላቴ፦ እሷ ብቻ አታምነኝም።

ደረጄ፦ ለምን?

ሙላቴ፦ ቁጥሩን ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናታ!