እማማ ፌስታል እና ሃያ ዓመት የምትዘገየው ዝንብ

ሙያ ያለው ሰው ሁሉ ፌስታል ይዞ በሩን የሚያንኳኳ ጎረቤት አለው። ሐኪሙን ደረጃ ላይ አቁመው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሽፍታ ያሳዩታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን በእሁድ ቀን የተቃጠለ ካውያ ያስታቅፉታል። እኔ ደግሞ የፍራፍሬ ዝንብ አጥኚ ነኝና ትል ይመጣልኛል።

የእኔዋ ጎረቤት ክብርት እማማ ፌስታል ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ስሆን፣ የምጠራቸውም በሆዴ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ለማለት ወኔው የለኝም። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩ ግማሽ እሳቸው እጅ ላይ ነው የተወለደው። እኔን ከሌላ ሰፈር በመምጣቴ ያዝኑልኛል። "አንተንም እኔ ባዋልድህ ኖሮ እንዲህ አትከሳም ነበር" ይሉኛል።

ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ከባሕር ማዶ በፍሬ ውስጥ ተደብቃ የገባች ዝንብ አለች፤ ወገበ ቀጭን፣ ተርብ መሳይ። ማንጎውን ወግታ እንቁላሏን ልጣጩ ሥር ታኖራለች፤ ከላይ የሚያምረው ፍሬ ከውስጥ በትል ያልቃል። የምትወደው ሙቀት ነው። እኔም አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ወዴት ወዴት እንደምትስፋፋ በኮምፒውተር እተነብያለሁ። ሦስት ዓመት ለፍቼ ካርታ ሠራሁ። ቀይ ማለት ደርሳለች፣ ብርቱካናማ ማለት መንገድ ላይ ናት፣ አረንጓዴ ማለት ተኙ። የእኛ ከተማ ለምለም አረንጓዴ ነበር። ብርዳችን ይገድላታል፤ ከሃያ ዓመት በፊት አትመጣም።

ይህን ለእማማ ፌስታል አስረዳኋቸው። ጓሯቸው ውስጥ አራት የማንጎ ዛፎች አሏቸው፤ ሟች ባለቤታቸው የተከሏቸው። በጥሞና ሰሙኝ። በማግሥቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ።

"ልጄ፣ ይቺ ናት?"

ተራ የቤት ዝንብ ነበረች። በሳምንቱ ንብ መጣች። ከዚያ ቢንቢ። አንድ ቀን እንዲያውም በአጉሊ መነጽር ስመረምረው የቆየሁት ነገር የሸሚዝ ቁልፍ ሆኖ አረፈው። ደግሞ እያንዳንዱ ፌስታል ላይ እንደ አራስ ልጅ ወረቀት ታስሮበታል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተገኘበት ዛፍ፣ "ክብደት፦ ቀላል"።

"አይደለችም፣ እማማ። እኛ እኮ አረንጓዴ ነን።"

"እሱማ ዛፍ ነው፤ አረንጓዴ ነው" ብለው ይሄዳሉ።

ካርታዬን ለእርሻ ቢሮ ኃላፊዎች የማቀርብበት ቀን ደረሰ። ሱፌን ለብሼ፣ ከረቫቴን አጥብቄ ስወጣ እማማ በር ላይ ቆመዋል። "ይቺስ?" ፌስታሉ ውስጥ አንድ ማንጎ አለ። "እማማ፣ ስለ እሷው ልናገር እየሄድኩ ነው!" ብዬ ተቀብዬ ወጥ ቤት በር ጀርባ ሰቀልኩትና ሮጥኩ። አዳራሹ ውስጥ በሙሉ ልብ "ይህ አካባቢ ለሃያ ዓመት ያለ ስጋት ይተኛ" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በከተማው ዙሪያ የተሰቀሉት የዝንብ ወጥመዶች በሙሉ ተነቅለው ወደ ቆላው እንዲሄዱ ተወሰነ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ጮኸች። "ሥራህን ቢሮህ ተወው አላልኩም? ይሄ በር ጀርባ የሚርመሰመሰው ምንድን ነው?"

ፌስታሉ በዝንብ ተሞልቷል። ወገበ ቀጭን፣ ተርብ መሳይ። እሷ ናት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰበብ ፍለጋ ነው። የእማማ ጓሮ ከዳቦ ቤት ጋር ይዋሰናል፤ የምድጃው ግድግዳ ሞቅ ስላደረጋት ነው ብዬ ለአለቃዬ አስረዳሁ። አለቃዬ ብዙ አይናገርም። "ዳቦ ቤት የሌለበት ጓሮ ውስጥም ሞክር" አለኝ። በአሥራ አንድ ግቢ ወጥመድ ሰቀልኩ። በዘጠኙ ተገኘች።

ካርታው የወጣበትን የኮምፒውተር ሞዴሌን ከፍቼ ስፈትሽ ጉዴን አየሁት። የከተማችን ብርድ ብዬ ያስገባሁት ከሠላሳ ዓመት በፊት የተመዘገበውን ነው። ዝንቧን ሊገድልልኝ የነበረው ብርድ እሱ ራሱ ከሄደ ቆይቷል። ስለ አየር መሞቅ የሚያጠናው እኔ፣ ሹራቤን ቁም ሳጥን ከከተትኩ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላስተዋልኩም።

ቢሮው ወጥመዶቹን እንዲመልስ "ተሳስቻለሁ" የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ የሚብሰው ቀረኝ፤ እማማ ጋ መሄድ። "አላልኩህም?" ሲሉኝ የምመልሰውን መንገድ ላይ እያጠናሁ ሄድኩ።

ዛፉ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ዛፎቹ ይቆረጣሉ?"

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በሬን ሲያንኳኩ የኖሩት ይህን ፈርተው ነው።

"ኧረ በፍጹም፣ እማማ! የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ለቅሞ ፌስታል ውስጥ ማሰር፣ በየሳምንቱ በጥልቅ መቅበር ነው።"

"መቆፈሪያው እዚያ ጥግ አለ" አሉኝ፣ ቦታውን እየጠቆሙ።

ያን ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ ስቆፍር ከረምኩ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የለቀሙትን ይመዘግባሉ፤ ዛፍ በዛፍ፣ ቀን በቀን። ከሙያ አጋሮቼ እንዲህ ያለ ንጹሕ መረጃ አግኝቼ አላውቅም። አዲሱን ሞዴል የሠራሁት በእሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ከአራቱ ዛፎች ሦስቱ ደህና ፍሬ ሰጡ።

አዲሱ ካርታ ሲታተም አንድ ቅጂ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀይዋን ነጥብ በጣታቸው ነኩ።

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"አዎ፣ እማማ። መጀመሪያ የተገኘችበት ቦታ፣ የእርስዎ ጓሮ።"

ካርታውን አራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩት። "ትንሽ ወደ ግራ አድርጋት። ይሄ የጎረቤቴ ግቢ ነው።"

በዚያ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ከተማውን በሙሉ ትውጣለች። ትንሽ ወደ ግራ ማለት አራት ኪሎ ሜትር ነው። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት፤ እስክሪብቶዬን አወጣሁና ነጥቧን ወደ ግራ አዛወርኩላቸው።

"አሁን ልክ መጣ" አሉኝ።

እኔም አሁን ልክ የመጣ መሰለኝ።