የዘይነባ ፎርኖና የቅሬው ዳኞች

ወሬ እየለቀምኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች ሲያገኙኝ፣ «በዚህ ሁሉ ዘመን ያጋጠመህ ትልቁ ውሸት የቱ ነው?» ይሉኛል። የሚጠብቁት የሹም ውሸት ነው፤ ቢቻል ደግሞ አንድ ሁለት ሰው የታሰረበት። እኔ ግን ጥያቄውን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ትሪ ነው። አዎ፣ ትሪ። በላዩ ላይ ድንችና ካሮት የነበረበት። ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እኔ አልስቅም። ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር የጨበጥኩት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እናደዳለሁ።

በሬ ስንገዛ እንዴት እንደምንገዛ ታውቃላችሁ። አፉን ፈልቅቀን ጥርሱን እናያለን፣ ወዲያ ወዲህ እናስኬደዋለን፣ ሻጩ ዞር ሲል ጎረቤቱን «ይዋጋል እንዴ?» እንላለን። አንድ ኩታ እንኳ ጥለቱን በጣታችን ሳናሽ አንገዛም። ወሬ ሲመጣ ግን እንደመጣ እንቀበለዋለን። በነጻ ስለሚሰጠን ይሆናል፣ ጥርሱን የሚያይለት የለም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ደሴ በነበረ ጊዜ ነው። ሰኞ ገበያ አጠገብ በነበረው ሰፈራችን ማንበብና መጻፍ ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ስለነበርኩ የቅሬው ጸሐፊ አድርገውኝ ነበር። ቅሬ፣ ከወሎ ውጭ ላደጋችሁት፣ ሟች የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው። በእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም ነበረበት። መቃብሩ ይለያያል እንጂ ቃሬዛው የሚያርፍበት ትከሻ አንድ ነበር። ዳኞቹም ሁለት ነበሩ፤ ከክርስቲያኑ መሪጌታ አስረስ፣ ከእስላሙ ሸህ እንድሪስ። ሁለቱም ደጎች፣ ሁለቱም የተከበሩ፣ ሁለቱም በይሉኝታ የተነሳ ማንንም ሰው ፊት ለፊት ጠይቀው የማያውቁ። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ።

ዘይነባ የሰፈራችን ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት እናቷን እሜት ሩቅያን ለመጦር ኮምቦልቻ ወርዳ አንድ ጣሊያን የመንገድ መሐንዲስ ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ገባች። ሁለት ክረምት ቆየች። እናትየዋ ከአልጋ አትወርድ፣ ልጅቱ ኮምቦልቻ፤ ስለዚህ ከዚያ ቤት ለቀብር የሚወጣ ሰው ጠፋ። የቅሬው ደንብ ሦስት ቀብር የቀረ ቤት ይሰረዛል ይላል። ሰረዝኩት። ብዕሩ የእኔ ነበር።

የእናቷ ሕመም ሲጠና ዘይነባ ሥራዋን ትታ ተመለሰች። ያን ለት መጥታ የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒት አልነበረም።

«እናቴን ማን ይቀብራታል?» ነው ያለችኝ።

ወደ ቅሬው ለመመለስ ደንቡ ቀላል ነበር። ዳኞቹን ቤትሽ ጠርተሽ ታበያለሽ። እህልሽን ከቀመሱ ገባሽ ማለት ነው፤ በነጋታው ስምሽ ይጻፋል። ካልቀመሱ አልገባሽም። ምክንያት የሚባል ነገር የለም።

ቀላል አልኩ እንጂ፣ ምን እንደሚበላ ማሰቡ ቀላል አልነበረም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና መሪጌታ ሥጋም ቅቤም አይነኩም። ጾም ባይሆንም ሸህ እንድሪስ የክርስቲያን እርድ፣ መሪጌታ የእስላም እርድ አይበሉም። ሁለቱን በአንድ ገበታ የሚያስቀምጣቸው ከመሬት የበቀለ ነገር ብቻ ነው።

«ሽሮ ሥሪና ተገላገይ» አልኳት።

«ሽሮማ ማንም ይሠራል» አለች። «ሁለት ክረምት የት እንደነበርኩ ሁሉም ያውቃል። ዞር ስል ‹የጣሊያን ገረድ› ይሉኛል። ምን አጥፍቼ ነው የምደብቀው? የተማርኩትን ፊታቸው አቀርባለሁ። ይቅመሱትና ያኔ ይስደቡኝ፣ ወላሂ አልቀየምም።»

የተማረችው አትክልት በፎርኖ፣ በጣሊያኖቹ ዝግ ምድጃ፣ መጥበስ ነበር። ያን ጊዜ በየመንገዱ ዳር ባዶ የቤንዚን በርሜል ወድቆ ይገኝ ነበር። አንዱን አስመጥታ አፉን አስቆረጠች፤ ሽታው እስኪጠፋ ሦስት ቀን ሙሉ ውስጡ እሳት አነደደችበት፤ ከዚያ ጓሮዋ ውስጥ በድንጋይ ላይ አጋድማ ጭድ በገባበት ጭቃ መረገችው። እሳቱ ከሥር፣ ምግቡ ከውስጥ። ለመዝጊያ አንድ የላሜራ ቁራጭ አደረገች። ሰፈሩ ለማየት ተሰለፈ። አንዷ ባልቴት «ይህ ደግሞ ለእኛ ነው ለጅብ ወጥመድ?» ብላ ሳቀች።

የግብዣው ለት በጠዋት ሄጄ ከአጠገቧ ቆሜ ነበርና ያየሁትን እመሰክራለሁ። ድንቹ የቦሩ ሜዳ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ከሐርቡ የመጣ ነበር። ካሮትና ቀይ ሽንኩርት ከዚያው ከገበያችን። ድንቹንና ካሮቱን አውራ ጣት አሳክላ ቆረጠች፤ ሽንኩርቱን በአራት ከፈለችው። ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ወቅጣ፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሳ፣ በኑግ ዘይት ለውሳ በእጇ አሸችው። ክብ ትሪ ላይ ዘርግታ የጥብስ ቅጠሉን ከነእንጨቱ ከላይ ጣል አደረገች። ከዚያ እጇን በርሜሉ ውስጥ ከትታ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያለች ትቆጥር ጀመር። አሥር ጊዜ ካለች እሳቱ ደካማ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳትል እጇን ከሳበች ያሳርራል። ስድስት ላይ ሳበችውና «ደረሰ» አለች። ድንቹና ካሮቱ ቀድመው ገቡ፤ ቲማቲሙና ቃሪያው መጨረሻ ላይ።

ወጥ ሲሠራ ሳይማሰል አይቼ ስለማላውቅ «ማን ይጠብቀዋል?» አልኳት።

«አላህና እሳቱ» አለችና እናቷን ልታገላብጥ ወደ ቤት ገባች።

በዚህ መሀል ይማም መጣ። ይማም የቅሬው ለፋፊ ነው። ሰው ሲሞት ዳገቱ ላይ ወጥቶ የሚጣራ፣ ድምፁ ጦሳ ተራራ ግርጌ ድረስ የሚሰማ ሰው። መዝጊያውን ከፈት አድርጎ አጮለቀና የጥያቄ መዓት አወረደብኝ። እኔ ደግሞ ለጥያቄ መልስ አላጣም። እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ ድንቹ የየት እንደሆነ፣ ትሪው የየት እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገርኩት። «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» እያለ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የመሪጌታ ጾም ሲፈታ፣ ዳኞቹ ገቡ፤ እኔና ይማምም ተከትለን። ዘይነባ እጃቸውን አስታጠበች፣ እንጀራ ዘረጋች፣ ትሪውን በጨርቅ ይዛ አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችው። የድንቹ ጠርዝ ቀልቷል፣ ቃሪያው ቆዳው ተሸብሽቧል፣ ሽንኩርቱ እንደ አበባ ተከፍቷል፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። መሪጌታ ባረኩ። ሸህ እንድሪስ «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ይማም ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር አላቸው።

የሸሁ እጅ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ፣ ለሌላ ጉዳይ የተነሳ ይመስል፣ ወደ ጥምጥማቸው ሄዶ ጥምጥሙን አስተካከለ። ወደ መሪጌታ ዘንበል ብለው ሹክ ሲሉ አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁ። «ትሪው ጣሊያኖቹ አሳማ የሚጠብሱበት ነው አሉ።» መሪጌታ አማተቡ። የሁላችንም እጅ ተሰበሰበ።

አሁን ወደ ንዴቴ ደረስን። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሴትዮዋ ማስታጠቢያ ይዛ ከፊታቸው ቆማለች። «ልጄ፣ ይህ ትሪ ከየት ነው?» ቢሏት ያልቃል። ግን የጋበዘን ሰው ስለ ዕቃው መጠየቅ ነውር ነው። ተነስቶ መሄድ ነውር አይደለም፤ መጠየቁ ነው ነውሩ።

«ሆዴን ትንሽ ጎርበጥ አድርጎኛል» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«እኔም ስግደት አለብኝ» አሉ መሪጌታ።

«ምነው አባቶቼ፣ ሳትቀምሱ? አጠፋሁ?» አለች ዘይነባ።

«ኧረ ሸጋ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» እያሉ ሁለቱም ተነሱ። ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ስወጣ ከመጋረጃው ጀርባ የእሜት ሩቅያ ድምፅ ተሰማኝ።

«በሉ ወይ?»

«በልተዋል እማ» አለች ዘይነባ። «ጣታቸውን ነው የላሱት።»

በነጋታው «ለፋሲካ ማግስት ይታይ» ተባለ። እሜት ሩቅያ ለፋሲካ እንደማይደርሱ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤ ምክንያት በሚለው ሥር «አልተገለጸም» አልኩ። ጣሊያን የነካውን ተጸይፈው! መሪጌታ የሚጫሙት ጫማ ሶሉ ከጣሊያን ካሚዮን ጎማ የተቆረጠ ነበር። ሸህ እንድሪስ ሐርቡ ዘመድ ሲጠይቁ የሚሳፈሩት በዚያው ካሚዮን ነው። ይማም ሲጋራውን የሚለኩሰው በጣሊያን ክብሪት ነው። ይህ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ የዘይነባ ድንች ብቻ ረከሰ።

እኔ ግን በንዴት አልሠራም፤ በማስረጃ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ካሚዮን ላይ ተንጠልጥዬ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ያቀልጣል። የመሐንዲሱን ቤት አጠያይቄ ዘበኛውን፣ አሊ የሚባል ሽማግሌ፣ በር ላይ አገኘሁት።

«ዘይነባ ከዚህ ትሪ ወስዳለች?» አልኩት።

«ተሰረቀ ልትል ነው?» ብሎ ዱላውን አነሳ። የመጣሁበትን ሳስረዳው ቀዘቀዘና በጓሮ በኩል ወደ ወጥ ቤቱ አስገባኝ። አራት ትሪዎች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ አራቱም ባለ አራት ማዕዘን። የዘይነባ ክብ ነበር። «የመሐንዲሱ ሲኞራ ማንኪያ እንኳ ሳትቆጥር አትተኛም» አለ አሊ። «ደግሞ ያ ነገር በሚጠበስበት ቀን ዘይነባ እዚህ አትገባም ነበር። ጓሮ ወጥታ ልብስ ታጥባለች። ለመሆኑ ይህን ያወራው ማን ነው? አንተ እሱን ነው መፈለግ ያለብህ።»

ትክክል። ተመልሼ፣ ቅሬው ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ወይራ ሥር ሲሰበሰብ ተነሳሁና ማስረጃዬን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ዘይነባም ተጠርታ ከዳር ቆማለች። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ተናግሬ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህን ወሬ ያመጣው ሰው ይውጣ!» አልኩ።

ሸህ እንድሪስ ወደ ይማም አዩ። «እኔ ከይማም ነው የሰማሁት።»

ይማም ደነገጠ። ከዚያ በዚያ ሙት በሚለፍፍበት ድምፁ፣ «አንተው አይደለህም እንዴ የነገርከኝ! ፎርኖው አጠገብ ቆመህ! ‹ትሪው ከኮምቦልቻ ነው፣ ከመሐንዲሱ ቤት› አላልከኝም? አሳማ የሚጠበስበት መሆኑንማ እኔው ነኝ ያሰብኩት፤ ጣሊያን ሌላ ምን ይጠብሳል?» አለ።

ብያለሁ። አላውቅም ማለት ከብዶኝ፣ ይሆናል ያልኩትን ነው ብዬ ነግሬዋለሁ።

መሪጌታ፣ ፊታቸው ፍም መስሎ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ለፊት ጠየቁ። «ልጄ፣ ትሪው ከየት ነው?»

«ከበርሜሉ ነዋ» አለች ዘይነባ። «አፉን ሳስቆርጠው የወጣው ክዳን ነው። ሰኞ ገበያ ያለው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጠርዙን አጠፈልኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪን?» አሉ ሸሁ።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ እኔን የሚያህል ሰው እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ዘበኛ ልትጠይቅ ኮምቦልቻ ወረድህ? ከደጅህ ደጄ ሃያ እርምጃ አይሞላም እኮ፣ ጸሐፊው።»

ዳኞቹ በዚያው ሳምንት እንደገና ተጠሩ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ዘይነባ ያቀረበችው ሽሮ ነበር። በሸክላ ድስት፣ እየተንተከተከ። ሸህ እንድሪስ ዙሪያውን ቃኙ።

«ያ የፎርኖውስ ልጄ? ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም።»

«ትሪው ኮምቦልቻ ሄዷል፣ አባቴ» አለች ዘይነባ። «ለምርመራ።»

መጀመሪያ የሳቁት ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩት እሜት ሩቅያ ናቸው። ሽሮው ተበላ። ስሟን ጻፍኩ። እሜት ሩቅያ የፋሲካ ሰሞን አረፉ፤ ይማም ዳገቱ ላይ ወጥቶ ተጣራ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ዘይነባ ከዚያ በኋላም በዚያች በርሜል ለራሷና ለጎረቤት ሴቶች ስትጠብስ ሽታው አጥር እያለፈ ይመጣብኝ ነበር። ለዳኞቹና ለእኔ ግን አንድም ቀን አላቀረበችም። ስለዚያ ምግብ የማውቀውን ሁሉ ነግሬአችኋለሁ፤ የድንቹን አገር፣ የቅጠሉን ዓይነት፣ የእሳቱን ልክ በቢስሚላህ ቁጥር። ይጣፍጥ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ያን ለት ለይማም መመለስ የነበረብኝን አሁን እመልስለታለሁ።

አላውቅም።