ጂን ያለባት ተማሪ

አማርኛ ስንናገር ምን እንዳልን የሚያውቀው ሰሚው እንጂ ተናጋሪው አይደለም። ይህ ነገር ጎጃም ሄዶ ላላስተማረ ሰው በቀላሉ አይገባውም። ሌላ አገር አንድ ቃል ከተናገራችሁ አንድ ነገር ተናገራችሁ፣ አለቀ። እዚያ ግን አድማጫችሁ የመጀመሪያውን ትርጉም ለጨዋነት ያህል ይቀበላችሁና ሁለተኛውን ፍለጋ ይነሣል። ሁለተኛ ትርጉም የለኝም ብላችሁ ብትምሉ ማን ያምናችኋል? ወይ ጥልቅ ሰው ትባላላችሁ፣ ወይ አደገኛ።

እኔ አደገኛ ተባልኩ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ባዮሎጂ እንዳስተምር ደብረ ማርቆስ መደቡኝ። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ከረባት፣ ስለ ሁሉም ነገር ደግሞ አንዳንድ አስተያየት ነበረኝ።

የዚያን ሰሞን ትምህርታችን ስለ ሴል ነበር። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ እኔም በእንግሊዝኛ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ እንደገባው ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው አዘንኩላቸውና ነገሩን በአማርኛ ጠቅለል አደረግሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው። በሰውነታችን ውስጥ፣ አልኳቸው፣ እያንዳንዱ ሴል በሺ የሚቆጠሩ ጂኖች አሉት። ከእናት ከአባታችን የወረስናቸው ናቸው። ሁሉም ግን ባንድ ጊዜ አይሠሩም፤ አብዛኞቹ ዝም ብለው ይቀመጡና ጊዜያቸው ሲደርስ ይነሣሉ። ሲነሡ ሰውነታችንን የሚያዙት እነሱ ናቸው።

እስቲ አሁን ባዮሎጂ እንዳልተማረ ሰው ሆናችሁ ይህን ስሙት።

ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ይታይሽ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ያለችው የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ልታመጣ ወደ እናቷ ትሄዳለች። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ባል የሞተባቸው፣ ከይታይሽ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው በመጣች ቁጥር፣ የዚህን ሳምንት ምን ተማርሽ ብለው ይጠይቃሉ። ልጅቱም ያልኩትን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ወይዘሮ አስካለ አልጮኹም፣ አልተቆጡም። የቋጠሩላትን በሶ ፈትተው ወደ ዕቃው መለሱት። ሰኞ የይታይሽ ወንበር ባዶውን ዋለ።

በማግስቱ ወሬው ደረሰን፤ ልጅቱ ጠበል ገብታለች። እዚያ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ራሷ ናት። አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው፣ ስንት ሆናችሁ ነው የገባችሁባት ብለው መንፈሱን ጠየቁት። ይታይሽ ደግሞ የተጠየቀችውን ሳትመልስ መተው አይሆንላትም፤ በሺ ይቆጠራሉ አለች። ከየት መጣችሁ ቢሏት፣ እኩሌታው ከእናቴ፣ እኩሌታው ከአባቴ አለች። ወይዘሮ አስካለ ይህን ሲሰሙ፣ ከእኔ? ብለው እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ቄሱም ነገሩ ሥር የሰደደ መሆኑን ተረድተው ሰባት ቀን የነበረውን ጠበል አሥራ አራት አደረጉት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ዳይሬክተሩ አስጠርተውኝ፣ ሂድና ልጅቱን መልሳት፣ አለዚያ አንተ ስትባረር እኔንም ይዘኸኝ ነው የምትሄደው አሉኝ። በጭነት መኪና ገብስ ላይ ተቀምጬ አማኑኤል ገባሁ።

መንገድ ለመንገድ የሚያስቅ ነገር ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። ወይዘሮ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ተቀበሉኝ፤ ግባ አላሉኝም። በዚያ አገር እንግዳ ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

«አስተማሪው አንተ ነህ?» አሉኝ።

ነኝ አልኳቸው።

«ባሌን አፈር በላው። ያለችኝ እሷ ናት። በጤናዋ ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ጂን ጨምራችሁ መለሳችሁልኝ። አሁን ማን ያገባታል? ማንስ ደጄን ይረግጣል?»

ያዘጋጀሁትን ቀልድ ትቼ ማስረዳት ያዝኩ። ጂን ማለት እኮ እንዲህ ነው ብዬ ብጀምር፣ ቃሉን በጠራሁት ቁጥር ያማትባሉ። በመጨረሻ፣ ከመሪጌታ ጋር ተነጋገር፣ እሳቸው ካመኑህ እኔም አምናለሁ አሉኝ።

መሪጌታ ጥበቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም። ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። ዓይናችንም ጉበታችንም ያንኑ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘዋል፤ ዓይን የዓይኑን ገጽ ብቻ ያነባል፣ ጉበትም የራሱን፤ ሌላው ገጽ ተከድኖ ይቀመጣል አልኳቸው።

«ማነው የሚከድነው?» አሉ።

ሴሉ ራሱ የሚሠራው ነገር አለ፣ መጥቶ ገጹ ላይ ይለጠፋል፣ የተለጠፈበት አይነበብም አልኩ።

«ጊዜው መድረሱን በምን ያውቃል?»

ክፍል ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም። በአንጀታችን ስለሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ነገርኳቸው። ወተት በሌለ ጊዜ ወተት የሚፈጩበት ገጽ ተከድኖ ይቆያል፤ ወተት ሲመጣ የወተቱ ስኳር ራሱ የተለጠፈውን ያነሣዋል፤ ወተቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይከደናል።

መሪጌታ ሣቁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። «ከበሮውን አየኸው?» አሉኝ። አላየሁም። «እስከ ፋሲካ ተሰቅሏል። አልጠፋም፣ አልተቀደደም። ድጓውም ሙሉው አለ፣ የምንለው ግን የዕለቱን ብቻ ነው። የገናውን ለስቅለት ብናዜመው እብድ እንባላለን።»

ሰውነትም ሲሳሳት እንዲያ ነው፣ በሽታ የምንለው አንዳንዱ እሱ ነው አልኳቸው።

«ነገሩስ ደግ ነገር ነው። ስሙን ማን አወጣው?»

ፈረንጆች ናቸው አልኩ።

«ሌላ ስም አጡ? ዘር በለው፣ ልጄ። ዘር ማንንም አያስደነግጥም።»

ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና ወይዘሮ አስካለ ቤት አብረውኝ መጡ። ያሉት አጭር ነው። «አስካለ፣ ልጅሽ ጂን የለባትም። ያለባት ትምህርት ነው፤ እሱ ደግሞ በጠበል አይለቅም።» ወይዘሮ አስካለ ከዕለቱ ጠበል የተመለሰችውን ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው በሶውን እንደገና ሲቋጥሩ ሰማሁ። እኔንም፣ ምን ቆመሃል፣ ግባ እንጂ አሉኝ። ያን ቀን የበላሁት ሽሮ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ሰኞ ይታይሽ ወንበሯ ላይ ነበረች። እኔም ምክር ተቀባይ ነኝና ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ጂንን አጥፍቼ ዘር ብዬ ጻፍኩ። ዓይንና ተረከዝ ዘራቸው አንድ ነው አልኩ፣ በጠራ አማርኛ፤ አንዱ ዓይን፣ ሌላው ተረከዝ የሆነው የሚነበበው ስለተለየ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ።

መሪጌታ ጥበቡ ጠንቅቀው የሚያውቁት የመንፈስን ነገር ነው፤ የርስትን ነገር፣ ዘር እየተቆጠረ መሬት የሚወረስበትን፣ ለባለርስቶች ትተውታል። ዘር ማንንም አያስደነግጥም ያሉኝም ለዚህ መሆን አለበት። ሐሙስ ጧት፣ ልጃቸው እኔ ዘንድ የሚማር አንድ ፊታውራሪ ከበቅሏቸው ወርደው የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተጠርቼ ስገባ ዳይሬክተሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ሰሙን ልጄ ነግሮኛል» አሉኝ ፊታውራሪ። «ወርቁን አንተ ንገረኝ። ዓይኑ ማነው? ተረከዙስ ማነው?»

ወርቅ የለውም ብዬ ማልኩ። የብልህ ሰው መሐላ ነው ብለው ፈገግ አሉ። ምን ላድርግ? ለመሪጌታ ያልኩትን ሁሉ እንደገና አልኩት። ፊታውራሪ ወለሉን እያዩ ሰሙኝ፤ አንዴም አላቋረጡኝም።

«ከአባቶቼ የወረስኩት ሁሉ አለ ነው የምትለው?»

አለ፣ ጌታዬ።

«ግን ሁሉም አይነበብም?»

አይነበብም፣ ጌታዬ።

ዳይሬክተሩ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፊታውራሪ ተነሡ፣ በርኖሳቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና፦

«እንግዲያው የእኔን ዘር ጮክ ብለህ አንብበው» አሉኝ።