አራት የጉዞ አማካሪዎች አስጠጊ ድርጅት ሲመርጡ

የሞቢል ከተማ ገለልተኛ የጉዞ አማካሪዎች ማኅበር 3ኛ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ማርች 14
ቦታ፦ ሞቢል፣ አላባማ፣ የሊቀመንበሯ ጋራዥ (መኪናቸው ለዚሁ ሲባል ውጭ ቆማለች)
ሰዓት፦ ከቀኑ 8:00 ተጠርቶ 8:25 ተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
1. ወ/ሮ ሮክሳን ቲለሪ፣ ሊቀመንበር፣ የጫጉላ ሽርሽር አማካሪ
2. አቶ ኦዴል ክሬንሾ፣ ጡረተኛ ፖስተኛ፣ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ አማካሪ
3. ወ/ሮ ቨርሊን ባቲስት፣ ባለፈው ክረምት ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራቸውን ለቀው ወደዚህ ሙያ የገቡ
4. ወ/ሮ ኢሞጂን ስፓርክስ፣ ጸሐፊ፣ ማለትም እኔ

ማኅበሩ ያሉት አባላት እነዚሁ አራቱ በመሆናቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ ኦዴል "እስቲ ድጋሚ ይቆጠር" በማለታቸው ድጋሚ ተቆጥሮ አራት ሆኗል።

የስብሰባው መነሻ፦ አራታችንም በስሙ ስንሠራ የነበረው አስጠጊ ድርጅት ባለፈው ወር ተዘግቷል። አስጠጊ የሌለው አማካሪ መለያ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለውን ደግሞ የመርከብ ኩባንያ ከነመፈጠሩም አያውቀው። ባለፈው ስብሰባ "አራታችን ወደ አንድ አስጠጊ አብረን እንገባለን፤ ለብቻው የገባ ከሃዲ ነው" ተብሎ መወሰኑ ይታወሳል።

ተራ ቁጥር 1፦ አጀንዳ ማጽደቅ

ወ/ሮ ቨርሊን ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። "ሠላሳ ስምንት ሰው ይዣለሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በሙሉ! የመርከብ ኩባንያው አሥራ ዘጠኝ ክፍል የያዘልኝ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቁጥር ካላመጣሁ ይለቀዋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ 'እስከ ሰኞ ወስኚ፤ ትመለሻለሽ ወይስ ሌላ እንቅጠር' ብሎኛል። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ ነው፣ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ" ሲሉ አስረዱ።

ሊቀመንበሯ "የኔ እመቤት፣ ገና በስምንት ሰዓት ምን አስቸኮለሽ? ጊዜ እንደሆነ ሞልቶናል፤ ያንቺ ጉዳይ ተራ ቁጥር 4 ላይ ነው" ብለው አጽናኗቸው። አጀንዳው 9:00 ላይ ጸደቀ።

ተራ ቁጥር 2፦ የቀረቡ ድርጅቶች

ሀ. ወርቃማ መልሕቅ። አቅራቢ ሊቀመንበሯ። ድርጅቱ በየዓመቱ ግብዣ ደግሶ ብዙ ለሸጠ አማካሪ ዘውድ እንደሚጭን ገለጹ። አቶ ኦዴል "እትዬ ሮክሳን፣ ዘውዱን አድርገሽ የት ልትሄጂ ነው? ድንች ልትገዢበት?" ሲሉ ጠየቁ። ሊቀመንበሯ ንግግሩ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዙ። አቶ ኦዴል በበኩላቸው ምን እንደተሰረዘ በግልጽ እንዲጻፍ ስለጠየቁ ተጽፏል።

ለ. ሰማያዊ ኮምፓስ። አቅራቢ አቶ ኦዴል። ድርጅቱ አባላቱን በነፃ ፓናማ ወስዶ ያሠለጥናል። የሥልጠናው ዓይነት ሲጠየቁ "ዓሣ" የሚል መልስ ሰጥተዋል። ተጨማሪ ማብራሪያ ሲጠየቁም "ትልቅ ዓሣ" ብለዋል።

ሐ. ትንሿ ሻንጣ። አቅራቢ የለም። ድረ ገጹ ላይ ያለው ፎቶ ሹራብ የለበሰች ሴትዮና አንድ የጠረጴዛ ስልክ ብቻ ነው። ሊቀመንበሯ "ዘንባባ እንኳን የላቸውም! ምን ዓይነት ዝርክርኮች ናቸው!" ስላሉ በሁለት ደቂቃ ተሰረዘ።

ወ/ሮ ቨርሊን "ለመሆኑ ለአንዳቸውስ የደወለ ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ። ከረዥም ውይይት በኋላ ጥያቄው ሥነ ሥርዓት የጣሰ ነው ተብሎ ተወሰነ። እኔም እጄን ለዚህ ውሳኔ ማውጣቴን ሳልደብቅ እመዘግባለሁ።

ተራ ቁጥር 3፦ የአቶ ኦዴል ሐሳብ

ሁለቱ አቅራቢዎች ሊስማሙ ባለመቻላቸው አቶ ኦዴል "ታዲያ ለምን ራሳችን ለራሳችን አስጠጊ አንሆንም?" የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ (ወ/ሮ ቨርሊን) አለፈ። አዲሱ ድርጅት ወዲያው ተቋቁሞ ሕግ አወጣ። ሊቀመንበሯ "ተራ ሰው ሁሉ ዘው እንዳይልብን" በማለታቸው ለአባልነት ዝቅተኛ ዓመታዊ የሽያጭ መጠን ተወሰነ። ሲጣራ ከመሥራቾቹ አንዳቸውም መጠኑን አላሟሉም። ስለዚህ ድርጅቱ በተቋቋመ በሃያ ሁለት ደቂቃው አራቱንም አባላት አሰናብቶ ባዶውን ቀረ። በመካከሉ የሊቀመንበሯ የፒካን ኬክ ተበላ።

ተራ ቁጥር 4፦ የወ/ሮ ቨርሊን ጉዳይ

10:20 ላይ ተደረሰ። ሊቀመንበሯ "አየሽ? ገና አርባ ደቂቃ አለን" አሉ። እኔም ለመዝገብ እንዲሆን የኩባንያውን ደብዳቤ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ "እስከ ሐሙስ 11:00፣ በማያሚ ሰዓት።"

ማያሚ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እዚያ 11:20 ሆኗል ማለት ነው።

አቶ ኦዴል ቀስ ብለው "እኔ እኮ ለደንበኞቼ ሁሉ 'የሰዓት ልዩነቱን አትርሱ' የሚል ካርድ ነው የምልከው" አሉ። አራታችንም እንልካለን። ወ/ሮ ቨርሊን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ "ሃያ ሦስት ዓመት ሾርባ ስጨልፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳን ሰዓት አሳልፌ አላውቅም" አሉ። በዚያች ደቂቃ በራሴ አፈርኩ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ወ/ሮ ቨርሊን ማንንም ሳያስፈቅዱ ተነሥተው ለኩባንያው ደወሉ፤ ስልኩንም ሁላችን እንድንሰማ ከፈቱት። የኩባንያው ሠራተኛ "ውይ፣ እስካሁን መልቀቅ ነበረብኝ፤ ደግነቱ ገና አልነካሁትም። እስከ አሥራ ሁለት፣ በእኛ ሰዓት፣ አለሁ። በማን ቁጥር ላድርገው?" አለች።

ሊቀመንበሯ "መልሕቅ በያት!"፣ አቶ ኦዴል "ኮምፓስ! ኮምፓስ!" ሲሉ በአንድ ላይ ጮኹ። ወ/ሮ ቨርሊን ሁለቱንም በእጃቸው ዝም አሰኝተው "እህቴ፣ አንቺ ከአስጠጊዎቹ ሁሉ ጋር ስትነጋገሪ ነው የምትውዪው። ስልክ የሚያነሳው የትኛው ነው?" ብለው ጠየቁ።

ሠራተኛዋ ሳቀች። "የመልሕቅን ስልክ ማሽን ነው የሚያነሳልሽ። ኮምፓሶች ፓናማ ናቸው። የሻንጣዋ ሴትዮ ግን እያኘከችም ቢሆን ታነሳለች።"

ወ/ሮ ቨርሊን ለትንሿ ሻንጣ ደወሉ። በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ። ሴትዮዋ እያኘከች ነበር። ውሉ በስልክ ተላከ፣ ተነበበ፣ ተፈረመ፤ ቁጥሩ 10:48 ደረሰ። 10:53 ላይ አሥራ ዘጠኙም ክፍሎች ጸኑ። አቶ ኦዴል አልቅሰዋል፤ እሳቸው ግን ከአበባ ብናኝ የመጣ አለርጂ እንደሆነ እንዲመዘገብ ጠይቀዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከረዥም ውይይት በኋላ ዛሬም ሆነ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ "ከሃዲ" የሚለውም ጭምር፣ ተሽሯል። ሦስቱ አባላት ነገ ጠዋት ለሻንጣዋ ሴትዮ እንዲደውሉ፣ ማን ቀድሞ እንደሚደውል ለመወሰን ግን ስብሰባ እንዳይጠራ ተወስኗል።

ስብሰባው 11:10 ላይ በሦስት ድምፅ ተበተነ። ወ/ሮ ቨርሊን ድምፅ አልሰጡም፤ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ለትምህርት ቤቱ "ሰኞ አትጠብቁኝ፣ ሌላ ሰው ቅጠሩ" እያሉ ነበር።

ኢሞጂን ስፓርክስ፣ ጸሐፊ
(ፊርማ)