ከንቲባውን በቁማቸው የቀበሩት ኪር ፖሊክሮኒስ

ፀሐይ የምትወጣው እሱ ስለጻፈላት የሚመስለው ሰው በየከተማው አይጠፋም። የእንፋሎት መርከብ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በግሪክ የዘቢብ ወደባችን ይህ ሰው ክቡር ኪር፣ ማለትም አቶ፣ ፖሊክሮኒስ ዳስካሪስ ነበሩ፤ የ«ፋኖስ» ጋዜጣ ባለቤት፣ አዘጋጅ፣ አራሚና ዋና አንባቢ፣ በዚያ ላይ የምክር ቤት አባል። ዝናብ ሲቀር መንግሥትን ይከሳሉ፤ ሲዘንብ «ባለፈው ሳምንት ጽፌ አልነበር?» ይላሉ። ሰርግ ተጠርተው ሙሽራውን ስለ መንገድ ቀረጥ ያለውን አቋም አፋጠውታል።

የ«ፋኖስ» ዘይት ግን ከንቲባው ዶክተር ዘኖቪዮስ ነበሩ። የወደቡ ደለል ሳይጠረግ ሲቀር «የጭቃው ልዑል»፣ የመንገድ መብራት ሲጠፋ «የጨለማው አባት» ተብለው በየቅዳሜው ይወጣሉ። ሁለቱ ፊደል የቆጠሩት ከአንድ ቄስ ዘንድ ነው፤ ሰላምታ ካቋረጡ ግን ዘመን የላቸውም፤ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«አንተ ሰው፣ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የምታስበው» ትላለች ባለቤታቸው አሲሚና።

ኪር ፖሊክሮኒስ ለከንቲባነት በተወዳደሩበት ዓመት፣ ምርጫው ሲቃረብ፣ ከአቴና የመጣ የመርከብ አዛዥ ወደቡ ላይ «ዘኖቪዮስ ሞተ!» ብሎ ተናገረ። ከንቲባው በእርግጥ ለጉዳይ አቴና ሄደው ነበር። ኪር ፖሊክሮኒስ የያዙትን ብርጭቆ አስቀምጠው በቀጥታ ማተሚያ ቤት ገቡ።

«‹ተገላገልን› ብዬ ልጀምር፣ ጌታዬ?» አለ ሽማግሌው ፊደል ለቃሚ ስታቲስ።

«ዝም በል! ባርኔጣህን አውልቅ!»

እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ አስጻፉት፤ «ይህች ከተማ ከእሱ የተሻለ ልጅ አልወለደችም። በወረርሽኙ ዓመት ሁላችን ወደ ተራራው ስንሸሽ፣ በየቤቱ እየገባ የታመመውን ያስታመመ እሱ ብቻ ነው። ጭቃው አንድ ቀን ይጠረጋል፤ ይህ ሰው ግን አይተካም።»

ጋዜጣው ከተማውን ካዳረሰ በኋላ፣ አይተካም የተባሉት ሰው በሚቀጥለው መርከብ መጥተው በእግራቸው ወረዱ። የሞተው የአጎታቸው ልጅ ነበር፤ ሁለቱም የአያታቸውን ስም ነው የያዙት። ዓሣ ሻጮቹ ሲያዩአቸው አማተቡ። ሲመሽ ከንቲባው ሰገነታቸው ላይ ወጥተው የራሳቸውን የሙት ውዳሴ ጮክ ብለው አነበቡት። ሕዝቡም በጭብጨባ አቀለጠው።

የኪር ፖሊክሮኒስ ደጋፊዎች ሥጋ ሻጩን ላምብሮስን አስቀድመው ማተሚያ ቤቱን ወረሩት።

«ቀልድ ነበር ብለው ይጻፉ! ሽሙጥ ነው ይበሉ! አለዚያ አለቀልን!» አለ ላምብሮስ።

«ቀልድ አልነበረም። ውሸቱ መሞቱ ነው፤ የቀረው እውነት ነው።»

«ታዲያ ማንን እንምረጥ?»

«እኔን ነዋ!»

«‹ከእሱ የተሻለ አልተወለደም› ብለው ጽፈው? እኛስ ማንበብ አንችልም?»

ኪር ፖሊክሮኒስ ጢማቸውን ጎተቱ፤ አንዲት ቃል ግን አላጠፉም።

በአገራችን ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል። መራጭ እጁን አስገብቶ ድብልብል የእርሳስ ጥይት ይጥላል፤ ከወደደ በነጩ ወገን፣ ከጠላ በጥቁሩ። የኪር ፖሊክሮኒስ ሣጥን በጥቁሩ በኩል ከመክበዱ የተነሣ ተሸካሚዎቹን አንገዳገዳቸው።

ያን ቅዳሜ «ፋኖስ» አልወጣም። ቡና ቤት የተቀመጠው ሰው ገበጣውን በዝምታ ይጫወታል፤ ጠረጴዛ የሚደበድብ ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ «ጾም ገባ እንዴ?» ብሎ ቄሱን ጠየቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማተሚያ ቤቱ በር ተንኳኳ። አሲሚና ከፈተች፤ ከንቲባው ነበሩ።

«ጋዜጣው የት አለ?»

«ጠፋ። ማን ያነበዋል?» አሉ ኪር ፖሊክሮኒስ፣ ቀና ሳይሉ።

«እኔ! ስማኝ ፖሊክሮኒስ፣ ሳትሰድበኝ ከቀረህ ሰው የምር ሞቷል ይላል። ዛሬ ቄሱ በጸሎት መካከል ስሜን ሲጠሩ ‹ነፍሱን ይማር› ከመባል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።»

አዘጋጁ ቀና አሉ። «የወደቡ ጭቃስ?»

«እንዳለ ነው።»

«አልጠረግኸውም?»

«እንኳን ደስ አለህ የሚለኝ ሰው መች ለቀቀኝና!»

ኪር ፖሊክሮኒስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ስታቲስ! ትልቁን ፊደል አውጣ! ‹ይህ አህያ ከንቲባ…› በል።»

«‹አህያ› ባለፈው ፋሲካ ብለኸኛል» አሉ ዶክተር ዘኖቪዮስ፣ ወንበር እየሳቡ። «ሌላ ፈልግ።»

በማግስቱ ጠዋት እሳቸው ላይ ጥቁር የጣልን ሁሉ «ፋኖስ» ለመግዛት በሩ ላይ ስንጋፋ ተገናኘን።